ከቱሉ ዲምቱ ወዲህ ያለን የርቀት ተማሪዎች በአገር አቀፉ የዲጂታል ትምህርት ዕቅድ ውስጥ የት ነን?

የኮዬዋ
ማክሰኞ ማታ 3፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ቀን ቂሊንጦ አካባቢ አንድ ፋብሪካ ንብረት ክፍል እሠራለሁ፤ አካውንቲንግ በርቀት እማራለሁ፣ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። የኮሌጁን ስም አልጠራም፣ ገና አልተመረቅኩምና። ማስተባበሪያ ቢሮው መርካቶ ጥግ ነው። ቱቶሪያል ቅዳሜ ጠዋት 2፡30 ላይ አለ ይባላል። ከኮዬ ቱሉ ዲምቱ፣ ከዚያ ቃሊቲ፣ ከዚያ መርካቶ፤ የታክሲ ሰልፉ ተጨምሮበት ንጋት 11፡30 ካልወጣሁ አልደርስም። ያለፈው ቅዳሜ በዚያ ሰዓት ወጥቼ ስደርስ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦ የኮስት አካውንቲንግ ቱቶሪያል ለሚቀጥለው ሳምንት ተዛውሯል። ጥበቃው «በቴሌግራም ተነግሯችኋል እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ዓርብ ሌሊት 5 ሰዓት ላይ ተልኳል። ያን ሌሊት ሰፈራችን መብራት አልነበረም፤ ስልኬ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ጠፍቷል።

እሱን ተውኩት። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ጓደኛዬ ባለፈው ዓመት የመውጫ ፈተና ወሰደች። እሷም የርቀት ተማሪ ናት። አራት ዓመት ከወረቀት ሞጁል በቀር ምንም ሳታይ ፈተናው ላይ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ላብ ውስጥ አስቀመጧት። ከመቶ 46 አመጣች፣ አላለፈችም። እኔን ኢንተርሚዲየት አካውንቲንግ ያስጠናችኝ እሷ ናት፤ ትምህርቱን አታውቅም የሚል ካለ እኔን ይጠይቅ። «የመጀመሪያውን ሃያ ደቂቃ ማውሱን ስለምድ አለቀብኝ» አለችኝ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸው። ያ ላብ ለፈተናው ቀን ለእኛ ከተከፈተ፣ ከፈተናው በፊት ባሉት አራት ዓመታት እሑድ እሑድ የማይከፈተው ለምንድን ነው? እኔ ካለሁበት ብሎክ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ብዙ አይርቅም። ቱቶሪያል ፍለጋ ግን ከተማውን አቋርጬ መርካቶ እሄዳለሁ። አገር አቀፍ የዲጂታል ትምህርት ዕቅድ ሲባል ደጋግሜ እሰማለሁ። ያን ዕቅድ የሚያወጡ ሰዎች የርቀት ተማሪ የት ቁጭ ብሎ እንደሚያነብ ቆጥረው ያውቃሉ?


ሰንዳፋ ላይ
ማክሰኞ ማታ 4፡05

አንቺ ሦስት ታክሲ ነው ያልሽው፣ እኔ መገናኛ ለመድረስ ራሱ ግማሽ ቀኔ ያልቃል። የኔ የዚህ ሴሚስተር ሞጁል ለፈተና ሁለት ሳምንት ሲቀረው ደረሰኝ። ከገጽ 41 እስከ 56 የለውም። ስጠይቅ «ፎቶ ኮፒው ዘሎት ነው፣ ከጓደኛህ ተመልከት» አሉኝ። የጓደኛዬም ያው ማሽን የዘለለው ነው።


ዋይፋይ ለሁሉ
ማክሰኞ ማታ 4፡31

እህቴ ችግርሽ ይገባኛል፣ ግን መፍትሔሽ ወደ ኋላ የሚመልስ መሰለኝ። በዚህ ዘመን ስለ ክፍልና ወንበር እናውራ? ትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽንና ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር የጀመረው የኢ-ለርኒንግ ፕሮግራም አለ። ኮርሶች ወደ ኦንላይን እየተቀየሩ ነው፣ መምህራን እየሠለጠኑ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቹን የሚያገናኝ የትምህርትና ምርምር ኔትወርክ፣ ኢተርኔት (EthERNet) የሚባል፣ አለ። ሙድል በሚባለው የኦንላይን ማስተማሪያ ሶፍትዌር ላይ የተጫነ ኮርስ ገጽ 41 አይዘልም። ቱቶሪያሉ ቢሰረዝም ቅጂው ይጠብቅሻል። መርካቶ ድረስ የሚያስኬድሽ የድሮው አሠራር ነው፤ እሱን ማስተካከል ሳይሆን መቅበር ነው።


የኮዬዋ
ማክሰኞ ማታ 4፡52

ወንድሜ፣ የጠቀስከው ፕሮግራም በዋናነት ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ነው። እኔ በግል ኮሌጅ የርቀት ተማሪ ነኝ፤ እዚያ መዝገብ ላይ ስሜ የለም። ሁለተኛ፣ አካውንቲንግ በስልክ ሞክረህ ታውቃለህ? የትራያል ባላንስ ሠንጠረዥ ስድስት ኢንች ስክሪን ላይ ዴቢቱን ሳይ ክሬዲቱ ይጠፋል፣ ክሬዲቱን ሳይ የሒሳቡ ስም ይጠፋል። ላፕቶፕ የለኝም። ፓኬጅ ስገዛም ለልጄ ወተት ከምገዛበት ብር ላይ ነው። ቪዲዮውን አትቅበርብኝ፣ ጥሩ ነው። ግን የት ሆኜ ነው የማየው?


የፕላዝማ ትውልድ
ረቡዕ ጠዋት 1፡15

ስለ ፕላዝማ ማንም ሳያነሣ ይህ ክር እንዳያልፍ ብዬ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ትምህርት በሳተላይት፣ በፕላዝማ ቴሌቪዥን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ እኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ዕቅዱ ትልቅ ነበር፣ አገር አቀፍ ነበር፣ የተገዛው ዕቃም ዘመናዊ ነበር። ስክሪኑ ላይ ያለችው መምህርት በእንግሊዝኛ «አሁን መልሱን ለጓደኛችሁ ንገሩ» ትልና ሠላሳ ሴኮንድ ትሰጠናለች። እኛ ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ «በጣም ጥሩ!» ብላ ታልፋለች። ማንን ነው ያደነቀችው እያልን እንስቅ ነበር። የክፍሉ መምህር ሥራ ማብራትና ማጥፋት ሆኖ ቀረ። መብራት ከሄደ የዚያ ቀን ፊዚክስ ሄደ፤ ነገ የሚመጣው የነገው ትምህርት ነው፣ የትናንቱን ማንም አይደግመውም።

ፕላዝማ መጥፎ ነበር አልልም። ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ሙከራ ያየሁት በሱ ነው። ግን ጄኔሬተር፣ ናፍጣና ጥገና በዕቅዱ ውስጥ ለየትምህርት ቤቱ ዕድል ተተወ። የኛው ፕላዝማ ሁለተኛ ዓመት ላይ ተበላሽቶ እስክመረቅ ድረስ ጨርቅ ለብሶ ግድግዳ ላይ ቆመ። ስለዚህ ዋይፋይ ለሁሉ፣ ስለ ወንበርና ስለ መብራት ማውራት ወደ ኋላ መመለስ አይደለም። እኛ ከዚያ ነው የመጣነው።


ጡረተኛው መምህር
ረቡዕ ጠዋት 3፡20

ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ። በዚህ ጉዳይ ጥቂት የማውቀው አለኝ። ለብዙ ዓመታት መደበኛ ሥራዬ ላይ ጨምሬ ቅዳሜና እሑድ የርቀት ተማሪዎች ቱቶር ነበርኩ።

የርቀት ትምህርት በአገራችን ሁለት ጊዜ ተበላሽቷል ብዬ አምናለሁ። መጀመሪያ የተበላሸው በደጉ ዘመኑ ነው። በ1990ዎቹ የግል ኮሌጆች ሲስፋፉ፣ በየወረዳው ያለ መምህር፣ የጤና ሠራተኛ፣ የቀበሌ ሒሳብ ሹም ሁሉ መማር ፈለገ። ፍላጎቱ እውነተኛ ነበር። ነገር ግን ቅርንጫፍ ማለት አንድ ክፍል ኪራይ፣ አንድ ጸሐፊ፣ አንድ ማኅተም ሆነ። እኔ ራሴ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ማክሮ ኢኮኖሚክስ፣ ከሰዓት ደግሞ ያልተማርኩትን ስታቲስቲክስ እንዳስተምር ተለምኜ አውቃለሁ። ሁለተኛውን እምቢ አልኩ፤ ሌላ ሰው ተቀበለ። ከማስተባበሪያው ፊት ለፊት ባለው ፎቶ ኮፒ ቤት አሳይመንት ተሠርቶ ይሸጥ ነበር። አርባ ተማሪ አርባ አንድ ዓይነት ወረቀት ሲያመጣ የኔ ድርሻ ፊርማ ብቻ ሆነ።

ሁለተኛ የተበላሸው በእገዳው ነው። ነሐሴ 2002 ትምህርት ሚኒስቴር በጥራት ምክንያት የርቀት ትምህርትን በግልም በመንግሥትም ተቋማት አገደ። ከወራት ንግግር በኋላ እገዳው ላላ። ግን ያ ድንጋጤ ያስተማረው መጥፎ ትምህርት ነበር፦ ኮሌጆቹ የረጅም ጊዜ ነገር ማሰብ ተዉ። ነገ ሊዘጋ ለሚችል ሥራ ማን ቤተ መጻሕፍት ይሠራል? ማን ሞጁል በየሦስት ዓመቱ ያሳድሳል? እስካሁን ድረስ በየፎቶ ኮፒው የሚዞሩት ሞጁሎች ገሚሱ የዚያ ዘመን ናቸው።

በ1995 የተቋቋመው የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲም፣ በ2014 በቦታው የተተካው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንም ዋና ሥራቸው ፈቃድ መስጠት፣ መቆጣጠርና ጥፋት ሲገኝ ፈቃዱን መንሣት ነው። ይህ አስፈላጊ ነው። ነገር ግን ዳኛ ሜዳ አይሠራም። ሜዳውን የሚሠራ ሌላ አካል ያስፈልጋል፤ እስከማየው ድረስ የጠፋው እሱ ነው።

የኮዬዋ፣ ጥያቄሽ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ታንዛንያ ክፍት ዩኒቨርሲቲዋን እ.ኤ.አ. በ1992 ስታቋቁም በየክፍለ ሀገሩ ማዕከል ከፍታለች። እንግሊዞች በ1969 ክፍት ዩኒቨርሲቲያቸውን ሲጀምሩ ትምህርቱ በቴሌቪዥን ነው የሚተላለፈው ተብሎ ነበር የተወራለት፤ ተማሪውን የያዘው ግን በየከተማው ምሽት ምሽት የተከፈተው የጥናት ክፍልና የክረምቱ ስብሰባ ነው።


ፈጣን አገልግሎት
ረቡዕ ጠዋት 4፡02

አሳይመንት፣ ፕሮጀክት፣ ሪሰርች በሁሉም ዲፓርትመንት በተመጣጣኝ ዋጋ እንሠራለን። ለርቀት ተማሪዎች ልዩ ቅናሽ አለን። በውስጥ መስመር ያናግሩን፦ [ስልክ ቁጥሩ ተነሥቷል]


የመድረኩ አስተዳዳሪ
ረቡዕ ጠዋት 4፡10

ተጠቃሚው ታግዷል። ጽሑፉን ሳላጠፋ የተውኩት ጋሼ መምህር ከላይ ለጻፉት ማስረጃ ይሁን ብዬ ነው።


ሰንዳፋ ላይ
ረቡዕ ጠዋት 4፡14

ሃሃሃ! ቅናሹ ስንት ነበር ግን?


ከወዲያኛው ጠረጴዛ
ረቡዕ ከሰዓት 8፡45

እኔ ከሌላኛው ወገን ነኝ፤ በአንድ የግል ኮሌጅ የርቀት ትምህርት ማስተባበሪያ ውስጥ እሠራለሁ። ስድብ ተዘጋጅቼ ነው የመጣሁት፣ ስለዚህ አትቸገሩ።

ለምን ኮዬ ወይም ገላን ላይ ማዕከል አትከፍቱም ለምትሉት። ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ በደፈናው አይደለም። ለእያንዳንዱ ፕሮግራም በእያንዳንዱ ካምፓስ ነው። አዲስ ማዕከል ማለት አዲስ ሕንፃ፣ አዲስ ሰነድ፣ አዲስ ግምገማ ነው። ኪራዩ ደግሞ ከዳር ሆነም ከመሀል ሆነም ቀላል አይደለም። ተማሪው ስንት ነው? የ12ኛ ክፍልን ውጤት ታውቃላችሁ፦ በ2014 ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነበር፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4። ከዚያ የተረፈው ሪሚዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ይገባል ወይም ይቀራል። ወደኛ ለዲግሪ የሚመጣው አዲስ ተማሪ ከድሮው ጋር አይወዳደርም። በዚህ ላይ የግል ኮሌጆች ዳግም ምዝገባ መጣ። አለቃዬ አዲስ ማዕከል የሚለውን ቃል ሲሰማ ሳል ይይዘዋል።

ደግሞ ጥፋተኝነቱን አልክድም። በ2015 የመጀመሪያው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ውጤት ሲወጣ ከመንግሥት ተቋማት ወደ 62 በመቶ፣ ከግል 17 በመቶ ገደማ ነው ያለፈው። ያን ቀን ቢሮ ውስጥ ማንም ምሳ አልበላም። ብዙዎቻችን እናውቀው ነበር፤ በቁጥር ሲመጣ ግን ሌላ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። እያንዳንዱ ኮሌጅ በየሰፈሩ የራሱን ማዕከል ይክፈት ከተባለ ማንም አይከፍትም። አንድ የጋራ ማዕከል ተከፍቶ፣ የአምስት ኮሌጅ ተማሪ ተቀምጦበት፣ እኛ በተማሪ ቁጥር እንክፈል ቢባል ግን እኔ ነገ ጠዋት እፈርማለሁ። ይህን ለመሰለ ስምምነት የሚሆን ቅጽ የለም። ቅጹን ማን ያውጣ? የሚያወጣው አካል የትኛው መሥሪያ ቤት ነው? ጋሼ ሜዳውን የሚሠራ ጠፋ ያሉት እዚህ ጋ ነው የገባኝ።


ዴሞይን
ረቡዕ ሌሊት 6፡30 (በእናንተ ሰዓት)

ከአሜሪካ አዮዋ ግዛት ነው የምጽፈው። ያደግኩት ግን አቃቂ ነው፣ ባቡር ጣቢያው ጋ። ስለዚህ ቱሉ ዲምቱ ስትሉ እኔ የማውቀው ገብስ ማሳ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።

እዚህ ያለውን ልንገራችሁ፣ አንዳንዱ ይጠቅማል። አዮዋ የበቆሎና የአሳማ አገር ናት፣ ሰዉ ተበታትኖ ነው የሚኖረው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጆቹ) ግዛቱ በራሱ ገንዘብ የፋይበር መስመር ዘርግቶ 99ኙንም ካውንቲ አገናኘ። ልብ ያልኩት ገመዱን አይደለም። ጫፉ የት እንዳረፈ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ የብሔራዊ ዘብ ሠራዊት ግቢ ውስጥ ሳይቀር የቪዲዮ ክፍል አዘጋጁ። ገበሬው ከብቱን አልቦ ማታ ከመንደሩ ሳይወጣ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ይከታተል ነበር። ኋላ ኢንተርኔት በየቤቱ ሲገባ እነዚያ ክፍሎች ጭር አሉ፤ እስከዚያ ግን ሥራቸውን ሠርተዋል።

በተቃራኒው ካሊፎርኒያን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1997 የ19 ምዕራባዊ ግዛቶች ገዥዎች ተባብረው ዌስተርን ገቨርነርስ የተባለ የርቀት ዩኒቨርሲቲ ሲያቋቁሙ ካሊፎርኒያ አልገባም ብላ የራሷን ቨርቹዋል ዩኒቨርሲቲ አወጀች። ያ ነገር በተግባር የየኮሌጁን የኦንላይን ኮርስ የሚዘረዝር ድረ ገጽ ነበር። ገንዘብ አጥቶ በ1999 ተዘጋ። ሀብታም ግዛት ናት፣ ቴክኖሎጂ አልጎደላትም። የምዕራቦቹ ግን እስከዛሬ አለ፣ አድጓልም።

አንድ የመጨረሻ። አንድ ኮሌጅ ከግዛቱ ውጭ ላለ ተማሪ በርቀት ሲያስተምር የማን ፈቃድ ያስፈልገዋል የሚለው ጥያቄ እዚህም ብዙ አጨቃጭቋል። ግዛቶቹ የአንዱን ፈቃድ ሌላው እንዲቀበል ስምምነት ፈጥረው ነው የተገላገሉት። ካሊፎርኒያ አሁንም ከስምምነቱ ውጭ ናት፤ ጠባይ ነው መሰለኝ።


ዋይፋይ ለሁሉ
ሐሙስ ጠዋት 2፡40

ዴሞይን፣ የአዮዋውን አላውቅም ነበር። ግን አንተ ራስህ እንዳልከው ክፍሎቹ ጭር አሉ። ለምን እኛ በመጨረሻ ጭር የሚል ነገር እንሠራለን? በቀጥታ ወደ መጨረሻው እንዝለል ነው የምለው።


ጡረተኛው መምህር
ሐሙስ ጠዋት 3፡05

ልጄ፣ ጭር እስኪሉ ድረስ በነበሩት ዓመታት ውስጥ የተመረቁትን ማን ይቁጠርልህ? የኮዬዋ አሁን ሦስተኛ ዓመት ናት። እስክትዘል ትጠብቅህ?


ሁለት ወሰን
ሐሙስ ከሰዓት 9፡10

ዴሞይን ስለ ግዛት ወሰን ያነሣው እኛን ነው የነካው። እኔም ኮዬ ነኝ። ቤቱን የሠራውና በዕጣ ያከፋፈለው የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ነው። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ኮዬ ፈጬ ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታ፣ ከለገጣፎ ለገዳዲና ከገላን ጋር ሸገር ከተማ ውስጥ ነው፣ ማለትም ኦሮሚያ። ፖለቲካውን ተዉት፣ አስተዳዳሪያችን እንዳያጠፋብን። እኔ የማወራው ስለ አንድ ቁልፍ ነው።

ባለፈው ዓመት እኛ ብሎክ ያለን ስምንት የርቀት ተማሪዎች ሰፈር ያለው ትምህርት ቤት አንድ ክፍል እሑድ እንዲከፈትልን ጠየቅን። ርእሰ መምህሩ ደግ ሰው ነው፣ «በኔ በኩል ችግር የለም፣ ግን የሚፈቅደው የከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው» አለን። እዚያ ስንሄድ «ከፍተኛ ትምህርት የኛ አይደለም፣ የፌዴራል ነው» ተባልን። እነሱም አልዋሹም። ዩኒቨርሲቲና ኮሌጅ የሚመራው በፌዴራል ነው፣ ሰፈር ውስጥ ያለው ክፍልና ወንበር የአካባቢው አስተዳደር ነው። የርቀት ተማሪ ደግሞ በፌዴራል ፈቃድ እየተማረ በቀበሌ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው። ሁለቱን የሚያገናኝ ደብዳቤ ማን ይጽፋል?

ተስፋ ቆርጠን ተበተንን። ሦስቱ አቋርጠዋል።


የኮዬዋ
ሐሙስ ከሰዓት 9፡22

ቆይ፣ የትኛው ብሎክ ነህ? በውስጥ መስመር ጻፍልኝ እስቲ።


ቀጣሪ ነኝ
ሐሙስ ማታ 2፡00

ሁላችሁም ስለ ክፍል ታወራላችሁ፣ እኔ ደግሞ ከሌላ በር ልግባ። የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። ከሦስት ዓመት በፊት «በርቀት» የሚል ዲግሪ ሲመጣ ለብቻው እናስቀምጠው ነበር። ልክ አልነበረም፣ ግን ይደረግ ነበር። የመውጫ ፈተናው ከመጣ ወዲህ ያለፈ ሰው ከየትም ይምጣ አለፈ ነው። ሁለት የርቀት ምሩቆች ቀጥረናል፤ አንዷ ልጅ እያዘለች የተማረች ናት፣ የወር መዝጊያ ስትሠራ ማንም አይደርስባትም። ስለዚህ ፈተናውን አታማርሩት፣ የናንተን ዲግሪ ያዳነው እሱ ነው። ኮምፒውተሩን አስቀድማችሁ የምትለምዱበት መንገድ ይፈለግ በሚለው እስማማለሁ።


የፕላዝማ ትውልድ
ሐሙስ ማታ 2፡18

ማንም ፈተናውን አላማረረም እኮ ጌታዬ። ያማረርነው ውድድር ሜዳ ላይ ጫማ መለካትን ነው።


ዋይፋይ ለሁሉ
ዓርብ ጠዋት 4፡50

እሺ፣ ሌሊት ሳስብበት አደርኩ። ግማሹን ቃሌን ልብላ።

ሥራዬ ኔትወርክ ነው። ኢንተርኔት በሌለበት ሙድልን ማስኬድ ይቻላል። መጠኗ የጫማ ካርቶን የማታህል ሰርቨር፣ አንድ ራውተር፣ ለመብራት መጥፊያ አንድ ባትሪ። ኮርሱ በሙሉ እዚያ ላይ ይጫናል፤ ክፍሉ ውስጥ የገባ ሰው በስልኩም በኮምፒውተርም ያለ ፓኬጅ ያያል። ቪዲዮውም ይሠራል። በወር አንድ ጊዜ አንድ ሰው ኔትወርክ ያለበት ወስዶ ያድሰዋል። ያገለገሉ ዴስክቶፖች ቢገኙ ደግሞ የመውጫ ፈተናውን የሚመስል መለማመጃ መጫን ይቻላል፣ ሰዓቱ እየቆጠረ።

ለዚህ ግን ክፍል ያስፈልጋል። አዎ፣ አውቃለሁ። አትሳቁ።

አሁንም የምለየው በአንድ ነገር ነው፦ አገር አቀፉ ዕቅድ ኮርሶቹን አንድ ጊዜ በጥራት አዘጋጅቶ ለሁሉም፣ ለግልም ለመንግሥትም፣ በነፃ መልቀቅ አለበት። ፕሪንሲፕልስ ኦፍ አካውንቲንግ በየኮሌጁ ሌላ ሌላ ሞጁል የሚጻፍለት ለምንድን ነው? የመውጫ ፈተናው አንድ ነው አይደል?


ከወዲያኛው ጠረጴዛ
ዓርብ ጠዋት 5፡15

ይህን ያልከውን አለቃዬ ቢሰማ መጀመሪያ ይቃወማል፣ ቀጥሎ የሞጁል ኅትመት ወጪውን ያሰላል፣ ከዚያ ይስማማል። በዚህ ቅደም ተከተል።


ጡረተኛው መምህር
ዓርብ ከሰዓት 8፡30

በጋራ ሞጁል ላይ አንድ ማሳሰቢያ። የርቀት ሞጁል መጻፍ የራሱ ሙያ ነው። የክፍል ሌክቸር ኖት ወደ ፒዲኤፍ ተቀይሮ ሞጁል አይሆንም። ለብቻው የተቀመጠ ተማሪ የት ላይ እንደሚደናገር የሚያውቅ ሰው፣ በየሦስት ገጹ ቆም አድርጎ የሚጠይቅ፣ መልሱንም ከኋላ ከነምክንያቱ የሚያስቀምጥ ሰው ይጽፈዋል። የደቡብ አፍሪካው ዩኒቨርሲቲ ዩኒሳ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ በርቀት እያስተማረ ነው። እዚሁ አቃቂ ባለው ማዕከሉ በኩል ስንት የኛ ሰው ማስተርስና ዶክትሬት ተምሯል። ጎረቤት ነው፣ ሄዶ መጠየቅ ይቻላል።

ደግሞ ሞጁሉ ምንም ቢያምር አንድ የሚጠየቅ ሰው ይኑር። እኔ ጡረታ ላይ ነኝ። ጉልበቴ ደክሟል እንጂ ኢኮኖሚክሱን አልረሳሁም። የምኖረው ገላን ኮንዶሚኒየም ነው።


የኮዬዋ
ዓርብ ከሰዓት 8፡41

ጋሼ! ገላን? ከኛ ብዙ አይርቁም እኮ። የጻፉትን ሳነብ መሀል ከተማ ያሉ መስሎኝ ነበር።


የኮዬዋ
ማክሰኞ ማታ 3፡10 (ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ)

ምን ደረሳችሁ ብላችሁ በውስጥ መስመር ለጠየቃችሁኝ።

ከሁለት ወሰን ጋር ተገናኘን፤ ከኔ ሁለት ብሎክ አልፎ ነው የሚኖረው፣ አንድ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስንት ጊዜ አብረን ቆመን ይሆናል። ደብዳቤውን እንደገና ጻፍነው። በዚህ ጊዜ «የከፍተኛ ትምህርት ማዕከል» የሚል ቃል አላስገባንም፣ እሱ ነው የፌዴራል ያስባለን። «የነዋሪዎች የጥናት ቡድን» አልን። ጋሼ መምህር አብረውን ሄዱ። ኃላፊው ሽበታቸውን አይቶ ወንበር አቀረበላቸው፤ ኋላ ሲያወሩ የታላቅ ወንድሙ አስተማሪ የነበሩ ሆነው ተገኙ። ይህ ዕቅድ አይደለም፣ አውቃለሁ። ሽማግሌ የሌለው ሰፈር ምን ያደርጋል?

ለሦስት ወር፣ እሑድ ከጠዋቱ 3 እስከ 7 ሰዓት፣ አንድ ክፍል ተፈቅዶልናል። የኤሌክትሪክ ወጪ የለንም ምክንያቱም ሶኬቱ አይሠራም። ዋይፋይ ለሁሉ ባትሪውንና ያቺን ሰርቨር ይዞ እመጣለሁ ብሏል። ከወዲያኛው ጠረጴዛ ያለው ወንድማችን የኮሌጁን ሞጁሎች ሶፍት ኮፒ ለማስፈቀድ ጠይቋል፣ መልስ ገና ነው። ጓደኛዬ በድጋሚ ለመፈተን ተመዝግባለች፤ ለእሷ ማውስ ያለው አንድ ኮምፒውተር እየፈለግን ነው። ያለው ሰው አሮጌም ቢሆን ይንገረን።

ለዩኒቨርሲቲም ስለ ላቡ የሚጠይቅ ደብዳቤ አስገብተናል። ማኅተም ያለበት መልስ ሲመጣ እዚሁ እለጥፋለሁ።


ሰንዳፋ ላይ
ማክሰኞ ማታ 3፡25

ከሰንዳፋ እሑድ 3 ሰዓት ለመድረስ ስንት ሰዓት መነሣት አለብኝ?


የኮዬዋ
ማክሰኞ ማታ 3፡31

አንተስ ሰንዳፋ ላይ ትምህርት ቤት የለም እንዴ? ደብዳቤውን እልክልሃለሁ፣ የሰፈሩን ስም ቀይረህ አስገባ።


ሰንዳፋ ላይ
ማክሰኞ ማታ 3፡33

ላኪልኝ። ሽማግሌ ግን ከየት አመጣለሁ?


ጡረተኛው መምህር
ረቡዕ ጠዋት 1፡50

ሰንዳፋ ሁለተኛ ደረጃ ያስተማረ አንድ ጓደኛ አለኝ። ዛሬ እደውልለታለሁ።